በጅቡቲ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ሲጠቀሙ ሊያውቋቸው የሚገቡ ደንቦችና ጥንቃቄዎች

ጅቡቲ የአፍሪካ ቀንድን ከተቀረው ዓለም ጋር የሚያገናኙ በርካታ የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ኬብሎች የሚያርፉባት አገር ናት። ‘ሲኮም’ የተሰኘው ኬብል እአአ በ2009፣ ‘ኢሲ’ የተባለው ደግሞ በ2010 አገልግሎት ጀምረዋል። ከኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ግንኙነት ከፊሉ የሚያልፈውም በዚችው ከተማ ነው።

ኬብሉ በደጅ ማለፉ ግን ለእያንዳንዱ ነዋሪ ኮምፒውተር አያስገኝለትም። ሥራ የሚያመለክት፣ የትምህርት ዕድል የሚፈልግ፣ የፓስፖርት እድሳት የሚጠይቅ ወይም የጥገኝነት ጉዳዩን የሚከታተል ሰው በስልክ መስኮት የማይሞላ ረጅም ቅጽ ይገጥመዋል። ያን ጊዜ ያለው አማራጭ የቤተ መጻሕፍት ወይም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ነው።

ይህ ኮምፒውተር የብዙዎች የጋራ መገልገያ ነው። በላዩ ላይ የተረሳ የፓስፖርት ቅጂ ወይም ሳይዘጋ የቀረ ኢሜይል ቀጥሎ ወንበሩ ላይ በሚቀመጠው ሰው እጅ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከተጠቃሚው የሚጠብቀውን፣ እና ተጠቃሚው ራሱን ለመጠበቅ ማድረግ የሚኖርበትን።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

በጅቡቲ ከተማ የንባብና የመረጃ አገልግሎት ከሚሰጡ ተቋማት መካከል ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ የፈረንሳይ ኢንስቲትዩት ሜዲያቴክ እንዲሁም በዋናነት ለተማሪዎቹና ለመምህራኑ የሚያገለግለው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ይገኙበታል። በየሠፈሩ ያሉት የማኅበረሰብ ልማት ማዕከላትም ወጣቶች የሚማሩባቸውና የሚያነቡባቸው ስፍራዎች ናቸው።

ደንባቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ ከመሄድዎ በፊት አምስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ። አባል ያልሆነ ሰው ይስተናገዳል ወይ? የትኛው መታወቂያ ይቀበላል? ክፍያ አለ ወይ? ለአንድ ሰው ስንት ደቂቃ ይፈቀዳል? ማተምና ስካን ማድረግስ ይቻላል? ዓርብ በጅቡቲ የዕረፍት ቀን መሆኑን፣ በረመዳንና በበጋው ሐሩር ወራትም የሥራ ሰዓት ሊቀየር እንደሚችል አይዘንጉ።

የተለመዱት ደንቦች ምን ይላሉ?

የሕዝብ ኮምፒውተር ያላቸው ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚከተሉትን ይጠይቃሉ።

- መመዝገብ፦ ስምና መታወቂያ ይመዘገባል ወይም የአባልነት ካርድ ይጠየቃል። መታወቂያውን ማሳየትና ማስያዝ የተለያዩ ናቸው። ፓስፖርትዎን ወይም የስደተኛ ካርድዎን አስይዘው እንዲገቡ ከተጠየቁ ቅጂው ይበቃ እንደሆነ በትሕትና ይጠይቁ።
- የጊዜ ገደብ፦ ወረፋ ባለበት ስፍራ ሰዓቱ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ራሱ ሊዘጋ ይችላል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል። ረጅም ደብዳቤ አስቀድመው በወረቀት ወይም በስልክዎ አርቅቀው ይሂዱ።
- ፕሮግራም አለመጫን፦ ይህ ክልከላ ኮምፒውተሩን ከቫይረስ፣ ቀጣዩን ተጠቃሚም ከስለላ ፕሮግራም ይጠብቃል።
- ፍላሽ፦ አንዳንድ ቦታ ይከለከላል፣ ሌላው ጋ አስቀድሞ ይፈተሻል። ፋይሎችን ደብቆ አቋራጭ ምልክት ብቻ የሚያሳየው ቫይረስ የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። ሰነድዎን ለራስዎ በኢሜይል መላክ የተሻለ አማራጭ ነው።
- ጸጥታ፦ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ለማዳመጥ ማዳመጫ ያስፈልጋል።
- ሕግን ማክበር፦ በሌላ ሰው አካውንት መግባትና ማጭበርበር በቤተ መጻሕፍቱ ደንብ ብቻ ሳይሆን በሕግም ያስጠይቃሉ። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሕገ ወጥ ደራሽነትን በወንጀልነት ይደነግጋል። ጅቡቲ ውስጥ የሚገኝ ሰው ደግሞ በጅቡቲ ሕግ ይዳኛል።

ቤተ መጻሕፍት ምን ሊያግድ፣ ምንስ ሊመዘግብ ይችላል?

እአአ በ1994 የወጣው የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ማኒፌስቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በመርህ ደረጃ ከክፍያ ነጻ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣል። ማኒፌስቶው በ2022 ተሻሽሏል። ይህ የሙያ መርህ እንጂ በየአገሩ የሚያስገድድ ሕግ አይደለም።

ድረ ገጾችን ማገድ በሌሎች አገራትም ሲያከራክር ኖሯል። አሜሪካ እአአ በ2000 ባወጣችው ሕግ የተወሰኑ የፌዴራል ድጋፎችን የሚያገኙ ቤተ መጻሕፍት ሕጻናትን ለመጠበቅ ማጣሪያ እንዲጭኑ ግዴታ ጣለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 ሕጉን ሲያጸና፣ አዋቂ ተጠቃሚ እገዳው እንዲነሳለት መጠየቅ መቻሉን ከግምት አስገብቷል። ከዚህ የሚወሰድ ጠቃሚ ልማድ አለ። የሚፈልጉት የጤና ወይም የሕግ መረጃ ከታገደ፣ እገዳው በስህተት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሠራተኛውን ይጠይቁ።

መዝገብም የራሱ ጣጣ አለው። እአአ በ2005 የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በኮኔቲከት ግዛት አንድ የቤተ መጻሕፍት ጥምረትን የኮምፒውተር አጠቃቀም መረጃ በደብዳቤ ጠየቀ፤ ጉዳዩን ለማንም እንዳይናገሩም አገደ። አራት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ቢሮው በ2006 ጥያቄውን ተወ። ያልተያዘ ወይም በወቅቱ የተሰረዘ መዝገብ ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። ስለዚህ ስምዎ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ መጠየቅ ነውር የለውም።

የፈረንሳይኛው ኪቦርድ

ከኢትዮጵያ የመጣ ተጠቃሚ በጅቡቲ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በፈረንሳይኛ ኪቦርድ ነው። ‘ኤ’ እና ‘ኪው’፣ ‘ዜድ’ እና ‘ደብሊው’ የተሰኙት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ‘ኤም’ ደግሞ ከ‘ኤል’ በስተቀኝ ነው። ቁጥር ለመጻፍ ‘ሺፍት’ን መጫን ያስፈልጋል፤ ነጥብ ለመጻፍም እንዲሁ። የኢሜይል አድራሻ ላይ የሚገባው ‘አት’ የሚወጣው ከስፔስ በስተቀኝ ያለውን ‘አልት ጂአር’ ከዜሮ ቁልፍ ጋር በመጫን ነው።

የይለፍ ቃል ሲጻፍ በነጥብ ስለሚሸፈን ስህተቱ አይታይም፤ ደጋግሞ መሳሳት ደግሞ አካውንቱን ሊያስቆልፍ ይችላል። አስቀድመው በባዶ ገጽ ላይ ሌላ ቃል ጽፈው ኪቦርዱን ይሞክሩ። የይለፍ ቃሉን ራሱን ግን ለሙከራ አይጻፉ።

አማርኛ ለመጻፍ ፕሮግራም መጫን የግድ አይደለም። የ‘ኪማን’ እና የጉግል የጽሑፍ ማስገቢያ ድረ ገጾች በብራውዘር ውስጥ በግዕዝ ፊደል ያስጽፋሉ። ሰነዱን በ‘ፒዲኤፍ’ ካስቀመጡት ደግሞ ሲታተም ፊደሉ አይዛባም።

ከመነሳትዎ በፊት

በጅቡቲ የኮምፒውተሮቹ ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ፈረንሳይኛ በመሆኑ ጥቂት ቃላትን ማወቅ ይረዳል።

- ሲጀምሩ ‘ናቪጋስዮን ፕሪቬ’ (የግል መስኮት) ይክፈቱ። መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ የጎበኟቸው ገጾች ታሪክ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ከቤተ መጻሕፍቱ ኔትወርክ አይሰውርዎትም፤ ያወረዱትን ፋይልም አይሰርዝም።
- ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃልዎን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ‘ጃሜ’ (በጭራሽ) የሚለውን ይምረጡ።
- ከኢሜይልና ከፌስቡክ ‘ስ ዴኮኔክቴ’ (ውጣ) በሚለው ይውጡ። መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም።
- ‘ቴሌሻርዥማን’ (የወረዱ) የሚለውን ማኅደር ከፍተው የፓስፖርት፣ የፎቶና የማስረጃ ቅጂዎችን ይሰርዙ። ከዚያም ‘ኮርቤይ’ (ቅርጫት) የተባለውን ያጽዱ።
- ከማተሚያው ወይም ከስካነሩ መስታወት ላይ የተረሳ ወረቀት አለመኖሩን ያረጋግጡ።

እነዚህ ሁሉ ቢሟሉም የሚተየበውን በስውር የሚመዘግብ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። በመሆኑም የባንክ ሥራን በጋራ ኮምፒውተር አለመሥራት ይመረጣል።

ኢሜይልዎ በስልክ መልዕክት የሚላክ ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለው፣ የኢትዮጵያ ሲም ካርድዎ ጅቡቲ ላይ ካልሠራ ኮዱ አይደርስዎትም። ከጉዞ በፊት መጠባበቂያ ኮዶችን አውጥቶ በወረቀት መያዝ ይህን ችግር ያስቀራል።

ማመልከቻዎን ሌላ ሰው ሲሞላልዎት

ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ትልቁ አደጋ ረዳቱ ሊሆን ይችላል። በረዳቱ ኢሜይልና ስልክ የተሞላ ማመልከቻ ውጤቱ የሚደርሰው ለረዳቱ ነው። እንደ ዲቪ ባሉ ማመልከቻዎች የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ የቀረ ሰው፣ ዕድሉ ሲወጣ ለባለቤቱ ገንዘብ ሊጠይቅበት ይችላል። ቅጹ ሲሞላ አጠገቡ ይሁኑ፤ የራስዎን ኢሜይል ያስገቡ፤ የማረጋገጫ ገጹንም አሳትመው ይያዙ።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎቶች በሙሉ ነጻ ናቸው። ለምዝገባ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር ክፈሉ የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው።

ሳይወጡ ከረሱስ?

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መመለስ ላያስፈልግ ይችላል። በስልክዎ ቴሌግራም ላይ ‘ዲቫይስ’ በሚለው፣ ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ‘የተገናኙ መሣሪያዎች’ በሚለው ማውጫ የኮምፒውተሩን ግንኙነት ያቋርጡ። የጉግልና የፌስቡክ አካውንቶችም ከየት እንደገቡ የሚያሳይና ከሩቅ የሚያስወጣ ገጽ አላቸው። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። የሰነድ ቅጂ ትተው ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ሳይዘጋ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ደውለው እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ ስለዚህ ስልክ ቁጥራቸውን ገና ሲመዘገቡ መያዝ ጠቃሚ ነው።