ሙሾ ያልወረደላቸው

አማርኛ በማስተምርባቸው ዓመታት፣ ኅዳር በገባ ቁጥር ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ የታወቀ ነበር። “ከቤታችሁ በዕድሜ የገፋውን ሰው፣ ኅዳር ለምን ይታጠናል ብላችሁ ጠይቁ፤ የነገራችሁንም ሳታሳምሩ በራሱ አንደበት ጽፋችሁ አምጡ” እላቸዋለሁ። ደብተሮቹን ሰብስቤ ማታ ቤቴ ሳነብ፣ ስለ 1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ከታሪክ መጻሕፍት ያላገኘሁትን እዚያ አገኝ ነበር።

የሚያመጡት ታሪክ አጭር ነው። ጅብ ከተማ መሃል ገባ፤ ቀባሪ ጠፋ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል ታጣ። ጠያቂው የጉለሌ ልጅም ይሁን የቂርቆስ፣ እነዚህ ሦስቱ አይቀሩም። አልፎ አልፎ ግን ከዚህ የሚለይ ይመጣል። አንዲት የጉለሌ ተማሪዬ ከቅድመ አያቷ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ብላ የጻፈችው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቅድመ አያትየው ከበሽታው ተርፋ ገና በእግሯ መቆም እንደጀመረች፣ ማልዳ ወንዝ ወርዳ ውሃ ትቀዳና በየጎረቤቱ ደጃፍ ማሰሮ እያስቀመጠች ታልፋለች። ወደ ውስጥ አትገባም። በማግስቱ ስትመለስ ውሃው ጎድሎ ከሆነ እዚያ ቤት ነፍስ አለ። እንዳለ ከሆነ ማሰሮዋን አንሥታ ወደሚቀጥለው ደጃፍ ትሄዳለች። ልጅቷ ከዚህ በታች የጨመረችው ነገር የለም። እኔም በቀይ እስክሪብቶ የማርመው አላገኘሁበትም።

በሽታው በዚያን ጊዜ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። አውሮፓውያን “የስፔን ጉንፋን” ሲሉት የኛ ሰው በወሩ “የኅዳር በሽታ” አለው፤ “የንፋስ በሽታ” ያሉትም ነበሩ። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው፤ ሰውና ሸቀጥ የሚመላለስበት ይኸው መስመር በሽታውንም ይዞት እንደመጣ ይታመናል። ከተማዋ ያኔ 50,000 ያህል ነዋሪ እንደነበራት ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚሆነው እንዳለቀ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንንም በጠና ታመው ለሞት ከተቃረቡ በኋላ ነው የተረፉት። ቤተ መንግሥት የደረሰ በሽታ የሳር ጎጆውን ምን እንዳደረገው መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ይህን ያህል ሰው ከሞተ፣ የዚያ ዘመን ሙሾ የት አለ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ዓመት ከኔ ጋር ኖሯል። በጦርነት ለወደቁ ሰዎች የተገጠመው ለቅሶ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ለዐፄ ቴዎድሮስ የተለቀሰው ዛሬም በቃል ይታወቃል። በኅዳር በሽታ ለሞቱት የወረደ ሙሾ ግን ከተማሪዎቼ አንዱም አምጥቶልኝ አያውቅም። እኔም ሽማግሌ ባገኘሁበት ሁሉ ጠይቄ አላገኘሁም።

ሙሾ በባዶ ቤት አይወርድም። አልቃሿ ድንኳን ስትገባ መጀመሪያ ጆሮዋን ትሰጣለች። ሟቹ የማን ልጅ ነው? ሙያው ምን ነበር? ማንን ጥሎ ሄደ? ከማን ጋር ተቀያይሞ፣ ከማን ጋር ታርቆ ነበር? ይህን ከዘመድ አዝማዱ ለቃቅማ በተቀመጠችበት ትገጥመዋለች። ስታወርደው ለቀስተኛው እየተቀበለ ደረቱን ይመታል፤ ስንኙ ልብ የነካ እንደሆነ ሌላው ተነሥቶ የራሱን ይጨምርበታል። በአገራችን የአንድ ተራ ሰው ሕይወት ከዳር እስከ ዳር መጀመሪያ የሚተረከው እዚያ ነው። ከዚያም ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ተዝካር አለ። በእያንዳንዱ ቀን ያው ታሪክ ተደግሞና ተጨምሮበት ይነገራል፤ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው ያርመዋል። ሙት ዓመቱ ሲደርስ የሟቹ ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ መልክ የያዘ ትረካ ሆኗል።

በ1911 ኅዳር የፈረሰው ይኸ ነው። ተራኪውም ሰሚውም በአንድ ሰሞን ተኛ። አስከሬን ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ሲጠፋ፣ ፍትሐት የሚያደርሱት ካህናት ራሳቸው ሲታመሙ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጉድጓድ ሲቀበር፣ ማን ለማን ያለቅሳል? ድንኳን ውስጥ ያልተነገረው ሕይወት ደግሞ ለአርባውም ለተዝካሩም የሚተርፍ የለውም። የነዚያ ሰዎች ታሪክ ከነርሱ ጋር ወደ አፈር ገባ። ለኔ የወረርሽኙ ሁለተኛ ሞት ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው አሳንሼ አላየውም።

የጽሑፉም ዓለም አልደረሰላቸውም። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ የተጀመረው በ1917 ነው። ልብ ወለድም ገና ዳዴ ይል ነበር፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ሮም ላይ ከታተመ አሥር ዓመት ገደማ ነበር። ከበሽታው ጥቂት ዓመት ቆይቶ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም “ፋቡላ” ለመድረክ በቃ፤ በ1915 ደግሞ የኅሩይ ወልደ ሥላሴ “ወዳጄ ልቤ” ታተመ። አንደኛው አውሬዎችን እያናገረ አስተዳደርን ይተቻል፤ ሁለተኛው ሰው ከልቡ ጋር የሚነጋገርበት ድርሰት ነው። ሁለቱም ደራሲዎች ያን ዘመን በሕይወት ያለፉ ናቸው፤ ብዕራቸውን ያነሡት ግን አገር እንዴት ትሠልጥን፣ ሰው እንዴት ይታነጽ ለሚለው ነበር። አልወቅሳቸውም። የቅርብ ሐዘን ለብዕር አይመችም።

ታሪኩን በወረቀት ያሰፈሩልን የትዝታ ጸሐፊዎች ናቸው። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በጊዜው የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ። “ካየሁትና ከሰማሁት” ባሉት የዘመን ታሪክ ትዝታቸው ውስጥ ያን ኅዳር አኑረውልናል፤ መጽሐፉ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ግን እርሳቸው ካረፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ራስ ተፈሪም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉ በኋላ ሕመማቸውን ያነሡት በስደት ባዝ ከተማ ተቀምጠው በ1929 በጻፉት “ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ” ውስጥ ነው፤ እርሱንም በአጭሩ ነክተው ያልፉታል። መዘግየቱ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ካትሪን አን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1918 ዴንቨር ላይ በዚሁ በሽታ ልትሞት ደርሳ ተርፋለች፤ ያን መከራ ልብ ወለድ አድርጋ በመጽሐፍ ያወጣችው በ1939 ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ደራሲው ቦካቾ ጣሊያን አገር በቸነፈር ስለተመታችው ፍሎረንስ ሲጽፍ፣ መጀመሪያ ያደረገው አሥር ወጣቶችን ከከተማ አውጥቶ አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። የመጽሐፉ መቶ ተረቶች የመጡት ከዚያ ወዲያ ነው። ሰሚ ከሌለ ተረት እንደማይኖር ያውቅ ነበርና።

የኛዎቹ ተራፊዎች ግን የሚሰበሰቡበትን ሌላ መንገድ አገኙ፤ ጭሱን። በየዓመቱ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ከየግቢው ጠርጋ ታቃጥላለች። ሲነገር እንደኖረው፣ በሽታው የመጣው ከክፉ አየር ነው ተብሎ ስለታመነ ከተማው እንዲጠረግና እንዲታጠን ታዝዞ ነበር፤ ልማዱም ከዚያ ቀረ። በልጅነቴ የግቢያችን ልጆች ደረቅ ቅጠልና ቡትቶ ስናከማች ውለን፣ እሳቱ ሲያያዝ ዙሪያውን እንቆም ነበር። ዓይናችን እያነባ “ለምንድን ነው?” እንላለን። ያን ጊዜ አንዷ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትጀምራለች፤ ሌላዋ “የለም፣ እናቴ የነገረችኝ እንዲህ ነው” ትላለች። ያልተተከለው ድንኳን በዓመት አንድ ቀን በእሳቱ ዙሪያ ይተከል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የሟቾቹ ስም በዚያም አይነሣም፤ የመከራው ታሪክ ግን በዚህ መንገድ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ተሻግሯል።

አሁን ይህ እየላላ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ፕላስቲክና ጎማ ማቃጠል ሳንባ ይጎዳል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ጭሱ ይቅር ቢሉ አልከራከራቸውም። የሚያሳስበኝ ከጭሱ ጋር አብሮ የሚቀረው ትረካ ነው። ከማስተማር ልወጣ በቀረብኩባቸው ዓመታት ከማሰሮዋ ዓይነት ታሪክ የሚያመጣልኝ ተማሪ ጠፍቶ ነበር። “ድሮ በሽታ ስለነበረ”፣ “ትንኝ ለማባረር”፤ ደብተሩ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው። የሚጠየቁት አያቶች ራሳቸው ከዚያ በላይ አልሰሙም።

ከዚያ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ቴአትር ቤት ተዘጋ፤ ግጥም በጃዝ የሚቀርብባቸው መድረኮች ዝም አሉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የትንሣኤን ቅዳሴ ብዙው ምእመን ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ተከታተለ። ኅዳር 1911ን በደብተር ብቻ የማውቀው እኔ በሰፈሬ አየሁት።

ግንቦት ላይ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ዐረፉ። የእድሩ ድንኳን አልተተከለም፤ ወንበሩም ከመጋዘን አልወጣም። ቀባሪው ጥቂት ነበር። ሴት ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ አየር ማረፊያው ተዘግቶ ስለነበር መምጣት አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን ለወንድሟ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከች። እርሱም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ከፈተው። እኛ አፋችንን በጭንብል ሸፍነን፣ ተራርቀን ተቀምጠናል። ልጅቷ ሙሾ እያወረደች ነው። “እማዬ” ብላ ትጀምርና እናቷ ቦሌ ድረስ ሲሸኟት ሻንጣዋ ውስጥ ደብቀው የከተቱላትን በሶ ታነሣለች፤ በርበሬ ሲያሰጡ ዶሮ እንድታባርር ይሰጧት የነበረውን ዱላ ታነሣለች፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። በስንኙ መሃል ትንፋሿ ይሰማል። ወንድሟ መቀበል ጀመረ፤ እኛም ተቀበልን። ያንን የሰማ ሰው ሴትየዋ ማን እንደነበሩ ያውቃል።

በ1911 ያልነበረውና በ2012 የነበረው ይህ ነው። በዚያ ዓመት ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ የተላከ ስንትና ስንት እንዲህ ያለ ለቅሶ በየስልኩ ውስጥ እንዳለ አስቡ። ስልክ ይሰረቃል፤ ውሃ ይገባዋል፤ ሲሞላ ይጠረጋል። የጎረቤታችንን ልጅ ለምኜ ያን ድምፅ በሌላ ቦታ እንዲያኖረው፣ ቃሉንም በወረቀት እንዲገለብጠው አድርጌአለሁ፤ እህቱም ፈቅዳለች።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በ2012 እና በ2013 ለሞተባችሁ ሰው የተላከ ድምፅ፣ የተጻፈ መልእክት፣ ድንኳን ቢኖር ኖሮ ልትናገሩት ያሰባችሁት ነገር ካለ አውጡት፤ ገልብጡት። የሟቹን ስም፣ ሰፈሩን፣ ሙያውን፣ ያረፈበትን ቀን ከላዩ ጻፉበት። አንዱን ቅጂ ለልጆቻችሁ አስቀምጡ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ሌላውን ወደ ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውሰዱት። የእድር ጸሐፊዎች ደግሞ በነዚያ ሁለት ዓመታት መዝገብ ላይ ከስሙ ጎን አንድ አንቀጽ ብትጨምሩ ትልቅ ውለታ ነው። ሰውየውን የሚያውቁት ገና በሕይወት አሉ፤ ጠይቋቸው።