በያዕቆብ መንገድ የሳይክለኛው ቦታ

በሰሜን ስፔን በሚያልፈው የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ ሳይክለኛ አመሻሽ ላይ የገዳም ደጅ ሲደርስ ቅር የሚላቸው አሉ። ጥንት ተሳላሚ በእግሩ ደክሞ ነበር የሚመጣው፤ በጎማ የሚከንፍ ሰው አገር ጎብኚ እንጂ የመነኮሳት እንግዳ አይደለም ይላሉ። ለድካም ያላቸው አክብሮት መልካም ነው፤ ስለ ጥንቱ የሚሉት ግን ከጥንቱ መጽሐፍ ጋር አይገጥምም። በ12ኛው ምዕተ ዓመት የተዘጋጀው የኮዴክስ ካሊክስቲኑስ አምስተኛ ክፍል የተሳላሚዎች መንገድ መሪ ነው። ከፒሬኔ ተራሮች መሻገሪያ እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ያለውን ጉዞ በ13 ውሎ ይከፍለዋል። ርቀቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የአንዱ ቀን ድርሻ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህን በየቀኑ በእግር መዝለቅ ከአብዛኛው ሰው አቅም በላይ ነው። መጽሐፉም ከኤስቴያ እስከ ናሄራ፣ ከናሄራም እስከ ቡርጎስ ያለው መንገድ በፈረስ የሚኬድ መሆኑን ለይቶ ይናገራል። እንዲያውም ጸሐፊው እሱና ባልንጀሮቹ ሎርካ አጠገብ ካለው ጨዋማ ወንዝ ፈረሶቻቸውን አጠጥተው ሁለቱ ወዲያው እንደሞቱባቸው በቁጣ ይተርካል፤ ውኃው ደህና ነው ብለው ያታለሏቸው ሰዎች ቆዳቸውን ለመግፈፍ ቢላ ስለው ይጠባበቁ ነበር። ዛሬ 60 ኪሎ ሜትር የአንድ ተራ ሳይክለኛ የቀን ጉዞ ነው። ስለዚህ ሳይክለኛው የዚያ ፈረሰኛ ወራሽ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ፍጥነቱስ ይሁን፣ ልቡስ? የሚል ጥያቄ ይከተላል። በመካከለኛው ዘመን የፍላንደርስ ፍርድ ቤቶች ጥፋተኞችን ለቅጣት ወደ ሳንቲያጎ ይልኩ ነበር፤ ገንዘብ ተቀብሎ በሌላ ሰው ስም የሚሳለምም አልጠፋም። ገዳማቱ እነዚህንም አሳድረዋል። በ6ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የቅዱስ ቤነዲክቶስ ሥርዓት በ53ኛው ምዕራፉ የመጣው እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ እንዲስተናገድ ያዝዛል። መነኮሳቱ የዋሆች ስለነበሩ አይደለም፤ የሰይጣንን ማታለል በመፍራት አስቀድሞ ከእንግዳው ጋር እንዲጸለይ ሥርዓቱ ይደነግጋል። ከጸሎቱ በኋላ ግን ወንበር፣ ማዕድና መኝታ ይሰጠዋል። የግብፁ አባ ጳኩሚስ ሥርዓትም ለእንግዳ ማረፊያ ስፍራ ነበረው፤ ሄሮኒሞስ በ404 እ.ኤ.አ. ወደ ላቲን መልሶት ምዕራባውያን አወቁት፣ እኛም በግእዝ ተቀበልነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከራሱ ከመንገዱ የሚነሳ ነው። ሳንቲያጎ በምትገኝበት በጋሊሲያ ግዛት የሕዝብ ማረፊያዎች እግረኛ ይቀድማል፣ ሳይክለኛ ይጠብቃል፤ የሳንቲያጎ ካቴድራልም የምስክር ወረቀት ለመስጠት ከእግረኛው 100፣ ከሳይክለኛው 200 ኪሎ ሜትር ይጠይቃል። ይህ ሳይክለኛውን መናቅ ይመስላል። እኔ ግን የቤነዲክቶስን ፍርድ አይበታለሁ፤ ባለጸጋን ግርማው ራሱ ስለሚያስከብረው ለድሆችና ለተሳላሚዎች የተለየ ጥንቃቄ ይደረግ ብሏልና። መንኮራኩር ያለው ሰው ማረፊያው ቢሞላ ወደሚቀጥለው መንደር ሊዘልቅ ይችላል፤ እግሩ የቆሰለው አይችልም። ተራውን መጠበቅ የእንግዳ ወግ ነው፣ ከእንግድነት አያስወጣውም።

ይህን መስተንግዶ አንድ ጊዜ ያቋረጠው የተሳላሚው ዓይነት አልነበረም። የስፔን መንግሥት በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የገዳማትን ንብረት ሲወርስ በዚሁ መንገድ ላይ ያለው የሳሞስ ገዳም መነኮሳት ተበተኑ፤ የተመለሱት በ1880 ነው። በ1951 ቃጠሎ ገዳሙን ክፉኛ ጎዳው፤ እንደገና ሠሩት። ዛሬም የሳሞስ መነኮሳት እግረኛውንም ሳይክለኛውንም ያሳድራሉ።