መኪና ሲቆም እንስሳው የማን ነው?

መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ባለቤቱ ደውሎ ክሬን ያስመጣል። ውሻ ወይም ድመት ይዞ የሚጓዝ ከሆነ ግን ጣጣው ይበዛል። የአሽከርካሪዎች ማኅበራት ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠሩባት በብሪታንያ እንኳ፣ እንስሳውን አብሮ መጫን አለመጫኑ ብዙ ጊዜ ለጎታቹ ሾፌር ፈቃድ የተተወ ነው። ነገሩ የዘመኑ ቴክኒክ ያመጣው ይመስላል፤ የአገራችን የመንገድ ታሪክ ሲመረመር ግን ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ድሮ መንገድ ላይ ችግር ሲገጥም የሚታደጉት ጉዞውን ሙሉውን ነበር፤ ዛሬ የሚታደጉት ተሽከርካሪውን ብቻ ነው። እንስሳው ባለቤት ያጣው በዚህ መካከል ነው።

የሲራራ ነጋዴ ቅፍለት ማልዶ ይነሣና ቀኑ ሳይመሽ ይሰፍር ነበር፤ ከብቱ የሚግጥበት ጊዜ ያስፈልገዋልና። ጭነት ሲራገፍ የአጋሰሱ ጀርባ ይታያል፤ ገጣባ ያወጣ እንደሆነ ሸክሙ ለሌሎቹ ተከፋፍሎ እሱ ባዶውን ይነዳል። ይህ የየነጋዴው ደግነት ሳይሆን የጉዞው ሥርዓት ነበር። በቅሎ ስትወድቅ ጉዞው ይቆማልና፣ ለመውደቋ አስቀድሞ መላ ይበጅለት ነበር።

መኪና ሲመጣም ይህ ሥርዓት ወዲያው አልፈረሰም። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ሲድሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ አብረውት ከተጓዙት አንዱ ቡሊ የተባለ ቡልዶግ ውሻ ነበር። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ያበቃ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለው የቅፍለት መንገድ እንጂ የመኪና መንገድ አልነበረም፤ ማደያም ጋራዥም አይታሰብም። ጋዝም ስንቅም በከብት ጀርባ ካልተጫነ አይደርስም፤ መኪናው ሲቀረቀር የሚያወጣው የአካባቢው ሰው ጉልበት ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ያለው የእንፋሎት ሞተርም እንዲሁ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው የደረሰው። እነዚያ መኪናዎች ቅፍለቱን አልተኩትም፤ የቅፍለቱ አንድ ጭነት ሆነው ነው የተጓዙት።

ልዩነቱ የመጣው ከጭነት መኪና ጋር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን መንገድ ሲዘረጋና እነትሬንታ ኳትሮ የተባሉት የጭነት መኪናዎች ሲገቡ የጉዞው ኃላፊነት ተከፋፈለ፤ መኪናው የሾፌሩ፣ ዕቃው የባለዕቃው ሆነ። ዛሬም ለፋሲካ በግ የጫነ አይሱዙ ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ጎማው ሥር ታኮ ይከታል፤ ከኋላ ለሚመጣው ምልክት እንዲሆን ቅጠል ቆርጦ አስፋልቱ ላይ ያኖራል። ለመኪናው እንዲህ ያለ ሁሉም የሚያውቀው ልማድ አለ። በጎቹ ግን ይውረዱ፣ ውኃ ይጠጡ የሚለውን የሚወስነው እዚያ የተገኘው ሰው ነው።

ሲራራው ለከብት ያዝን ነበር ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከዘራና ጅራፍ አይለየውም ነበር፤ መነሣት ያቃታትን በቅሎም ለጅብ ትቶ ይሄድ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ርኅራኄ አይደለም። ጨካኙም ነጋዴ ቢሆን የከብቱን ጀርባ ሳያይ አያድርም ነበር፤ ሥርዓት ያለው ጥቅም ሥርዓት ከሌለው ደግነት ይልቅ የታመነ ነውና። የጎታቹ ሾፌር መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል፦ የማያውቀው ውሻ ጋቢና ውስጥ ቢነክሰውስ? ልክ ነው፤ ማንም ሰው እንስሳ በግድ ይጫን አይባልም። ሆኖም እንስሳውን የተበላሸው መኪና ውስጥ ዘግቶ መጎተት መፍትሔ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንስሳን ለሞት የሚያደርስ ሙቀት ይይዛል። ይህ ክርክር የሚያሳየው አስቀድሞ ደንብ መውጣት እንዳለበት ነው፦ የእንስሳ መያዣ ሳጥን ጎታቹ ይያዝ ወይስ ባለቤቱ፣ ካልተጫነ በምን ይሂድ፣ ወጪውስ የማን ነው? የመንገድ ዕርዳታ ውል የሚሸጥ ድርጅት ይህን በጽሑፍ መመለስ አለበት፤ እንስሳ ይዞ የሚወጣ ሰውም መልሱን መጠየቅ ያለበት ከቤቱ ሳይነሣ ነው።