ከማጂ ቆንስላ እስከ ቢሯችን ቪፒኤን

የዛሬው ወሬያችን ስለ ቪፒኤን ነው፤ የምንነሳው ግን ከማጂ ነው። «ማጂንና ቪፒኤንን ምን አገናኛቸው?» ማለታችሁ አይቀርም። እስኪ ታገሱን።

ሰሞኑን ከመካከላችን አንዷ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት «በቢሮ ኮምፒውተር ቪፒኤን መጠቀም ያስጠይቃል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ተናደድን። ስንረጋጋ ግን «እስኪ ታሪክ እናገላብጥ» አልን።

ማጂ ከሚዛን ተፈሪ በስተደቡብ የኦሞን ቆላ ቁልቁል የምታይ ደጋ ናት። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሚዛንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ግን ማጂ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ መናኸሪያ ነበረች። እንግሊዝም ኬንያንና ሱዳንን ከያዘች በኋላ ድንበሩ አሳስቧት እዚያ ቆንስላ ነበራት። ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰን ይባላል (አንበሳ አደን የሚወድ ሰው ነበር)።

ይህ ሰው በኋላ የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ ገዥ ሆነ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1935 አክራ ላይ ዜድ ኦ ዋይ የተባለ ራዲዮ ጣቢያ አስከፈተ። ራዲዮው ወደ ቤት የሚገባው በሽቦ ነበር። ደንበኛው ሳሎን የተቀመጠችው ሳጥን የምታሰማው ጣቢያው የላከላትን፣ በብዛትም ከለንደን የሚመጣውን የቢቢሲ ፕሮግራም ነው። ሌላ ጣቢያ ልፈልግ ቢሉ አይቻልም። ሽቦውን የያዘው ሰው ነው የሚመርጥላችሁ!

እኛም አገር የሳጥኗ ዘመዶች አልጠፉም። የቢሮ ስልክ መደወያው ላይ ቁልፍ ይንጠለጠልበት እንደነበር፣ ዜሮው ተዘግቶ ክፍለ ሀገር መደወል እንደማይቻል ወላጆቻችን ያወሩናል። ይሁንና ያ ሠራተኛ ማታ ቤቱ ገብቶ የአጭር ሞገድ ራዲዮውን ሲከፍት ቁልፉ አይከተለውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎም ቢሆን ከጀርመንም ከአሜሪካም ይሰማል። የመሥሪያ ቤት ክልከላ ግቢው በር ላይ ያበቃል።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲመጣ ግን በሩ አንድ ብቻ ነበር። እስከ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ ቢሮም ቤትም ማጂም አዲስ አበባም የሚገናኙት በአንዱ ቴሌ ነው። በ1998 ዓ.ም. ብሎጎች ተዘጉ። በ2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው መሸሸጊያ መንገድ ታገደ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት በሚሰጥ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት እስራት ደነገገ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከ200 በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ተደሰትን። ደስታችን ግን አልቆየም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ተዘጉ። ያኔ ሁለተኛ ኩባንያ ገብቶ ነበር፤ እግዱ ግን እሱንም አልዘለለውም።

ታዲያ አገሬው ምን አደረገ? ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤን መልእክታችሁን ቆልፎ ውጭ አገር ወዳለ ኮምፒውተር ይወስድና ከዚያ ወደምትፈልጉት ገጽ ያደርሳችኋል። መሥሪያ ቤቱም ቴሌም የሚያዩት ወደ ውጭ የሄደ የተቆለፈ ፖስታ ነው። ነጻ ከሆነ ደግሞ የአገልግሎቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የት የት እንደገባችሁ ለማን እንደሚያሳይ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። የደንበኞች መዝገብ ባለበት የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይህን መጫን፣ እውነቱን እንናገር፣ ያስፈራል። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ቢሆንም ወዳጆቻችን፣ ሠራተኛው ቪፒኤን የለመደው ሥራ ጠልቶ ሳይሆን ትልቁ በር ስለተዘጋበት ነው። አገር ሲዘጋ ሰው የጓሮ መንገድ ይለምዳል። የለመደውን ደግሞ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ይዞት ይገባል። ስለዚህ ቢሮዎች ማስታወቂያ ሲለጥፉ ምክንያቱንም አብረው ይጻፉ፤ ለሥራ የሚያስፈልግ ገጽ ከተዘጋ የሚጠየቅ ሰው ይመድቡ። አገርን የሚዘጉት ደግሞ አንድ ነገር ይወቁልን፦ በየቢሮው ያለውን ቀዳዳ የከፈቱት እነሱ ናቸው።

ማጂ ተቀምጦ ቡናው ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ የሚፈልግ ወጣት ሽቦውን የያዘው ሰው እስኪመርጥለት መጠበቅ የለበትም። የሆድሰን ሳጥን ዘመኗ አልፏል።