የአነስተኛ አምራቾች የቀጥታ ሽያጭ ሕግና አሠራር በጋምቤላ

በጋምቤላ ክልል አርሶ አደሮች፣ አርብቶ አደሮችና ዓሣ አስጋሪዎች ምርታቸውን ለሸማቹ በቀጥታ ሲሸጡ የሚመለከታቸው ሕግ በአንድ አዋጅ ተጠቃልሎ አይገኝም። ከሕገ መንግሥቱ፣ ከንግድ ሕጉ፣ ከግብርና ከምግብ ቁጥጥር ድንጋጌዎች እንዲሁም በየምርቱ ከወጡ የግብይት አዋጆች ተለቃቅሞ የሚነበብ ነው።

መሠረቱ ለአምራቹ ያደላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች ለምርታቸው ተገቢ ዋጋ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የተተካው የንግድ ሕግም የገዛ መሬቱን ምርት የሚሸጠውን ገበሬ ከነጋዴ አልቆጠረውም። ከጓሮዋ ማንጎ ለቅማ ገበያ ያወረደች ሴት የራሷን ምርት ሻጭ ናት፤ የጎረቤቷን ማንጎ ገዝታ መልሳ ስትሸጥ ግን ወደ ንግድ ትገባለች፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008ም ይከተላታል። ጉሊት ላይ ሁለቱ ማንጎዎች ጎን ለጎን ተደርድረው በመደብ ስለሚሸጡ ይህን ድንበር በዓይን መለየት አይቻልም። ጉዳዩን ለተቆጣጣሪው ፈቃድ ብቻ መተው ሻጯን ያለ መከታ የሚያስቀር ነው። ግብሩን በተመለከተ ደግሞ የግል አርሶ አደሮችን የገቢ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልሉ ተሰጥቷል።

በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳርቻ የአኝዋ ገበሬዎች የክረምቱ ሙላት ሲጎድል በረጠበው አፈር ላይ በቆሎ ይዘራሉ። ይህ ምርት ከዝናቡ እርሻ በተለየ ወቅት ስለሚደርስ የቤተሰቡን ቀለብ ይደግፋል፤ የተረፈው በጣሳ ተሰፍሮ ገበያ ይወጣል። ማንጎ ግን ባንድ ጊዜ ይደርስና ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ሻጩ በመብት ዋጋ የመወሰን ነፃነት ቢኖረውም፣ ወደ ማምሻው ላይ ገዢ የጠራውን ተቀብሎ ይሄዳል።

ነፃነቱ በግልጽ የሚጠብበው ቡና ላይ ነው። በመዠንግር ዞን፣ በተለይ በጎደሬ፣ ቡና ዋና የገቢ ምንጭ ነው። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ግብይቱ በተፈቀዱ ቦታዎች እንዲካሄድ ያዛል፤ አነስተኛው አምራች እሸቱን ወይም ጀንፈሉን በተለምዶ የሚያስረክበው በመጀመሪያ ደረጃ ግብይት ማዕከል ፈቃድ ላለው አቅራቢ ነው። የዚያው ገበሬ ማር እንዲህ ያለ አጥር የለበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቡና የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ምሰሶ ነው።

ለኑዌር አርብቶ አደር ዋናው ሀብት ከብት ነው። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ሽያጩን ወደ ታወቁ የግብይት ማዕከላት ለመሰብሰብ የወጣ ነው። ወተትና ቅቤ ግን ከቤት ወደ ቤት፣ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ይሸጣሉ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለገበያ የሚያሰግረውን ለቤቱ ፍጆታ ከሚያሰግረው ይለያል። ባሮ ዳር አምባዛና ናይል ፐርች ትኩሱ እንዳለ፣ የተረፈው ደርቆ ወይም ተጨሶ ይሸጣል፤ በጋምቤላ ሙቀት ማድረቅና ማጨስ ራሱ የምግብ ደኅንነት ሥራ ነው።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተበረዘና ለጤና የማይስማማ ምግብ መሸጥን ይከለክላል። ወተት ላይ ውኃ መጨመርን መከልከል ተገቢ ነው፤ ለፋብሪካ የታሰበ መስፈርት በአንዲት ቅል ወተት ሻጭ ላይ ቢጫን ግን ገበያውን ከማጥፋት ሌላ ፋይዳ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምግብ ንጽህና ደንብ ቁጥር 852 አምራቹ ለሸማቹ በቀጥታ የሚያቀርበውን አነስተኛ ጥሬ ምርት ከደንቡ ውጭ አድርጎ ለአባል አገሮች ሕግ ትቶታል።

የጋምቤላ ንግድ ሕግ ቀድሞ ያተኮረው በትልቁ ነጋዴ ላይ ነበር። አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ፤ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የወረደው ቡናም በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ተጫነ። በደርግ ዘመን በአገሪቱ ትርፍ አምራች አካባቢዎች ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ያስገባ፣ እህሉም በኬላ ይያዝ ነበር። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ዛሬ ጋምቤላ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ታስጠልላለች፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በእርሻና በንግድ የመሰማራት መብት ሰጥቷቸዋል። ምርትን አሰባስቦ ሩቅ ገበያ ማድረስ ለሚፈልጉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መንገድ ከፍቷል፤ በአዲስ አበባ የእሑድ ገበያዎችም ማኅበራት ለሸማቹ በቀጥታ ይሸጣሉ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው ይህ ገበያ ለማርና ለደረቅ እህል ቢመችም፣ ለበሰለ ማንጎ ግን ይከብዳል።