ደም ማድረቅ፦ በላስታ ደጋና በወሎ ቆላ መካከል የኖረ የእርቅ ልማድ

ደም ማድረቅ በነፍስ ግድያ የተቃቃሩ ሁለት ወገኖችን በሽማግሌ፣ በካሳና በመሐላ የማስታረቅ ልማድ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ ይታወቃል፤ በወሎ ግን የተለየ መልክ ይዟል፤ ታራቂዎቹ ብዙ ጊዜ በሃይማኖት ወይም በቋንቋ አንድ አይደሉምና። ገዳይ ክርስቲያን፣ ሟች ሙስሊም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ደገኛ፣ ሌላው ቆለኛ፤ አንዱ አማርኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ወይም መስጊድ ብቻውን ሊዘጋው አይችልም።

ኩልመስክ የምትባለው ከተማ ይህ የሃይማኖትና የቋንቋ ልዩነት ከሚጀምርበት ጠርዝ ብዙ አትርቅም። ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ በላስታ ደጋ ላይ ናት፤ በሙጃና በድልብ በኩል ወደ ወልድያ የሚወርደው መንገድ ከገብስ አገር ተነሥቶ ማሽላ አገር ያደርሳል። ደጋው ከሞላ ጎደል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አገር ነው። ወደ ሰሜን ዋግ ላይ ኽምጣንጋ ይነገራል። ቁልቁል ሲወረድ የጁና ራያ ይመጣሉ፤ እዚያ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ባንድ አድማስ ይታያሉ፣ በአንድ ገበያም ሦስት ቋንቋ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ አፋር ነው።

እነዚህን አገሮች መጀመሪያ ያገናኛቸው ንግድ ነው፤ ከንግዱም ዋናው ጨው። አሞሌ ከአፋር ዝቅታ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ በትግራይ ደጋ በኩል ሰቆጣ ይደርስ ነበር፤ ሰቆጣ ደግሞ ለዋግና ለላስታ ነጋዴ የጨው በር ነበረች። አሞሌ ለወጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብም ያገለግል ስለነበር መንገዱ ሲዘጋ ገበያው ሁሉ ይታመማል። ደገኛው ገብሱንና በጉን፣ ቆለኛው ማሽላውንና ከብቱን ይዞ የሚገናኘው መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ነው።

የድንበሩን አኗኗር በጽሑፍ ካስቀመጡት ቀደምት የውጭ ሰዎች አንዱ ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከባሕር ተነሥቶ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ሲጓዝ በዚህ አካባቢ አልፏል። ማናደሌ የምትባል፣ ከብዙ አገር የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚኖሩባትንና ለክርስቲያኑ ንጉሥ የምትገብርን ከተማ ከወደብ ከተማ ጋር ያመሳስላታል። በዚያው አካባቢ ይኖሩ ስለነበሩት፣ ዶባ ስለሚባሉት ሕዝቦች ግን አንድ ወንድ አሥራ ሁለት ክርስቲያን መግደሉን ሳያስመሰክር አያገባም ይላል። ይህ ድንበርተኛ ስለ ድንበርተኛ የሚያወራውን ይመስላልና ቃል በቃል መቀበል አያስፈልግም። ይልቅ ልብ የሚባለው ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን መጻፋቸው ነው፤ ግብር የሚከፈልበት ሰላምና ደም የሚቆጠርበት ጠላትነት በአንድ የጉዞ መንገድ ላይ ነበሩ።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1525 ዓ.ም.፣ በክርስቲያኑ መንግሥት ላይ የዘመተው የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ላሊበላ ገባ። ዘመቻውን የጻፈው ሺሃብ አድ-ዲን፣ ዓረብ ፋቂህ የሚባለው፣ መነኮሳቱ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ለመሞት ተሰብስበው እንደነበር ይተርካል። ኢማሙ እሳት አስነድዶ ከሁለቱም ሃይማኖት አንድ አንድ ሰው እንዲገባበት ጠየቀ፤ አንዲት መነኩሲት ዘላ ስትገባ ራሱ እንድትወጣ አደረገ። ትረካው የአሸናፊው ወገን ሆኖ ሳለ የተሸናፊውን ጽናት አለመደበቁ ይገርማል። 

ከዚያ በኋላ በምሥራቁ ጥግ ኦሮሞዎች ሰፈሩ፤ ከእነርሱም የየጁ ቤት ወጣ። ሥሩ ሙስሊም የሆነው ይህ ቤት ተጠምቆ በጎንደር ዙፋን ላይ ያሉትን ነገሥታት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ይሾም ይሽር ነበር፤ ራስ ዓሊ 2ኛ በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል በካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ እስኪሸነፉ ድረስ። የዚህ ዘመን መኳንንት ሃይማኖት ተሻግረው ተጋብተዋል። ጋብቻው የፍቅር ሳይሆን የውል ነበር፤ ሆኖም የወሎ ባላባት ቤት የሙስሊምና የክርስቲያን ስም በአንድ የዘር ሐረግ ላይ መደርደሩ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

በኃይል አንድ ማድረግም ተሞክሯል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በግንቦት 1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን የውስጥ ክርክር ከዘጉ በኋላ ሙስሊሞች በተቆረጠላቸው ጊዜ እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ባላባት ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሆኑ፤ በኋላም ንጉሥ ተባሉ። ሼኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር ደግሞ ለትጥቅ ተቃውሞ ተነሡ። ብዙው ሕዝብ በሁለቱ መሐል ቀረ፤ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ግፊቱ ላልቷል። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት ይህ ዘመን የወሎን እስልምና እንዳላጠፋው፣ የሼኾቹንና የመካናቱን፣ ማለትም የቅዱሳን ሥፍራዎቹን፣ ሥልጣንም እንዳልሰበረው ያሳያሉ። ቦሩ ሜዳ ያልቻለውን ነገር የመንደር ሽማግሌ በሌላ መንገድ ሲሠራው ኖሯል፤ ሃይማኖቱን ሳይነካ ደሙን ብቻ በመያዝ።

በቆላው ወሎ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው አበጋር ይባላል። አበጋርነት በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም አበጋር አለ፣ ጉዳዩ ሁለቱን ሲነካም አብረው ይቀመጣሉ። በደጋው ላስታ ያው ሥራ በአገር ሽማግሌና በካህን ይሠራል። በደቡብ ትግራይ በራያና በወጀራት አቦ ገረብ የሚባል አቻ አለው። ስሙ ይለያይ እንጂ አካሄዱ ይቀራረባል።

ሰው ሲገደል መጀመሪያ የሚመጣው መለያየት ነው። ገዳይ ይሸሻል። ዘመዶቹ ከገበያ፣ ከወፍጮ፣ ከልቅሶ ይቀራሉ፤ የሟች ወገን በሚያልፍበት መንገድ አይሄዱም። ደሙ የገዳዩ ብቻ አይደለምና ወንድሙም የአጎቱ ልጅም ይፈለግበታል። ሽማግሌው የሚቸኩለው ስለዚህ ነው፤ አንድ ሬሳ የሁለት አገር ገበያ ያስፈታል። የገዳይ ወገን አማላጅ ይልካል። ቄሱ መስቀሉን፣ ሼኹ መቁጠሪያውን ይዞ ከሟች ደጅ ይቆማል። የመጀመሪያው ምላሽ እምቢታ ነው፤ ፈጥኖ እሺ ያለ ዘመድ ሟቹን እንዳቃለለ ይቆጠርበታል። አማላጁም ይህን ያውቃልና ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞም ይመለሳል። በመካከሉ ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራሉ፤ ዋሱ እርቁ እስኪያልቅ ማንም ማንንም እንዳይነካ በንብረቱና በስሙ ይያዛል።

ከዚያ ነገሩ ይመረመራል። ሆን ተብሎ ነው ወይስ በድንገት፣ በስካር ነው ወይስ በመሬት ጠብ፤ ካሳው በዚህ መጠን ይወሰናል፣ በከብት ወይም በገንዘብ። እዚህ ላይ ከመንግሥት ፍርድ ቤት ጋር ትልቁ ልዩነት ይታያል። ተከሳሽ በችሎት ፊት ቢክድ መብቱ ነው፤ ማስረጃ ካልተገኘ ነፃ ይወጣል። በሽምግልና ግን ያልታመነ ደም አይደርቅም። ገዳይ አድራጎቱን በአፉ ካልተናገረ የሚታረቅ ነገር የለም። እውነቱ ሲደበቅ አገሩ ሌላ ልማድ ነበረው፤ አውጫጭኝ። የአካባቢው ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ እንዳይበተን ይደረግ ነበር፤ የሚያውቅም ሰው ራሱን ሳያጋልጥ ወፍ ነገረኝ ብሎ ይጠቁማል።

የእርቁ ቀን ገዳይ አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቀርባል። ማሩኝ ይላል፤ የሟች ወገን ስለ እግዚአብሔር ወይም ስለ አላህ ብሎ ይቅር ይላል። ከብት ይታረዳል፤ ሁለቱ ወገኖች ደሙን ተሻግረው ይገናኛሉ። መሐላው በየሃይማኖቱ ነው፤ የሚያስፈራው ከዱላ ይልቅ እርግማን ነው፤ መሐላ ያፈረሰ ሰው በዘሩና በከብቱ ይቀጣል ተብሎ ይታመናል። አንዳንዴም እርቁን ለማጥበቅ ሴት ልጅ ለጋብቻ ትሰጥ ነበር። ልጅቱን ማንም አይጠይቃትም ነበር፤ የሥርዐቱ ጥንካሬና ግፍ በዚህ ቦታ አብረው ይታያሉ።

በዚያው ቀን ስለሚበላው ሥጋ ማወቅ የወሎን ሰላም ለመረዳት ይጠቅማል። ታራቂዎቹ ከሁለት ሃይማኖት ሲሆኑ እርዱ ለየብቻ ነው፤ ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም፣ ሙስሊሙ በቢስሚላህ ያርዳል፣ ድስቱም ይለያያል። እንጀራው፣ ቡናውና ምርቃቱ ግን የጋራ ነው። ፈረንሳዊው አጥኚ ኤልዋ ፊኬ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጽሑፍ ሥጋ በኢትዮጵያ የሁለቱን ሃይማኖቶች ድንበር እንዴት እንደሚያሰምር ተንትኗል። ስለ ወሎ መቻቻል ብዙ ሲወራ ድንበሩ የሌለ ይመስላል። አለ፤ የት እንዳለ ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም ሳይደናቀፍበት ያልፋል።

ከእርቁ በኋላ ሰላሙን የሚጠብቀው ቅሬ ነው። ቅሬ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው የቀብር ማኅበር ሲሆን በወሎ ብዙ ቦታ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶች አብረው አባል ናቸው። ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል፣ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ቃሬዛ ይሸከማል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። የፖለቲካ ተመራማሪው አሹቶሽ ቫርሽኒ በህንድ ከተሞች የሂንዱና የሙስሊም ግጭትን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሁለቱም ወገን አባል ያለው ማኅበር የነበራቸው ከተሞች በግርግር ጊዜ የተሻለ እንደጸኑ፣ የጎረቤት ሰላምታ ብቻውን ግን እንደማይበቃ ተከራክሯል። ወሎ ይህን በመጽሐፍ አልጻፈውም፤ በመዋጮ ዝርዝር ይዞታል።

መንግሥት ለዚህ ሁሉ የሰጠው ቦታ ተለዋዋጭ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግድያን የመንግሥት ጉዳይ ብቻ አደረገው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጀው፣ በአንቀጽ 3347 በሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን ይመለከት የነበረውን ልማድ ሻረ፤ በዚያው ሕግ ግን ለግልግልና ለዕርቅ ቦታ ሰጠ። ደርግ የገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ አቋቋመ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ፈቀደ፤ ነፍስ ግድያ እዚያ ውስጥ አልገባም። በተግባር ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ገዳይ በፍርድ ቤት ይታሰራል፣ ቤተሰቡ በሽማግሌ ይታረቃል፤ ያልታረቀ እስረኛ ሲፈታ ደመኛው በር ላይ ይጠብቀዋልና።

ሰላምንና እርቅን የሚያጠኑ ምሁራን የመጡት በመጨረሻ ነው። በዓለም ደረጃ የሰላም ጥናት በዮሐን ጋልቱንግ ሥራዎች ቅርጽ ያዘ፤ ጋልቱንግ የጦርነት አለመኖርን ብቻ ሰላም ብሎ መጥራት እንደማይበቃ አስተማረ። ጆን ፖል ሌድራክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ሰላምን ከላይ ከመሪዎች፣ ከመካከልና ከታች ከመንደር የሚገነባ አድርጎ አየው። በኢትዮጵያ አሉላ ፓንክኸርስትና ጌታቸው አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2008 ያዘጋጁት የጥናቶች ስብስብ ከየክልሉ የባህል ዳኝነቶችን በአንድነት አቀረበ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ አንድ ዓመት በፊት የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋሙን ከፍቶ ነበር። ሜሮን ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመችው ጥናት በወሎ በሚገኘው በጥሩ ሲና መካን የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች ክርክራቸውን ይዘው እንደሚቀርቡ አሳይታለች። እነዚህ ሥራዎች ጥሩ ናቸው፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው የወርክሾፕ ቋንቋ ግን ችግር አለበት። አገር በቀል ዕውቀት በሚል ስም አበጋርን ከዋሱ፣ ከመሐላውና ከቅሬው ነጥሎ እንደ ዕቃ ወደ ሌላ ቦታ ሊያጓጉዘው ይፈልጋል። ዋስ የሌለው ሽማግሌ ግን ተናጋሪ ብቻ ነው።

ልማዱ የራሱ ወሰንም አለው። ሴት በሸንጎው መሐል ብዙ ጊዜ አትቀመጥም። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ እኩል ዋስ ሆኖ አልተጠራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደም ማድረቅ ለሚተዋወቁ ቤተሰቦች የተሠራ ነው፤ ገዳይ ስም፣ አባትና ርስት ሊኖረው ይገባል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላሊበላና አካባቢው ሲደርስ የሚሸመገል ገዳይ አልነበረም፤ የነበረው ሠራዊት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት በፌዴራል መንግሥትና በሕወሓት መካከል ጠመንጃውን ለማቆም እንጂ በራያ በኩል በደገኛና በቆለኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ ተናጋሪ መካከል የወደቀውን ደም በስም ለመቁጠር አልተጻፈም። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽንም የተሰጠው ሥራ አጀንዳ መሰብሰብና ማመካከር ነው። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው፣ ባህላዊ የዳኝነት ሥርዐቶች ድርሻ እንዲኖራቸው ይላል። አበጋሩና የላስታ ሽማግሌ በዚህ ውስጥ የሚጠይቁት የቆየውን ጥያቄ ነው፤ ገዳዩ ማን ነው፣ ዋሱስ ማን ይሆናል።