አንድ ሲኒ ቡና በአርባኛው መንገድ

በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሰኔ ወር፣ አዲስ የተሾሙት የቻድ ሪፑብሊክ አምባሳደር አዳም ማሊክ ሶው ከኒውዮርክ ተነሥተው በመኪና ወደ ዋሽንግተን ይጓዙ ነበር። የሚሄዱትም የሹመት ደብዳቤያቸውን ለፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ለማቅረብ ነው። ሜሪላንድ ከሚባለው ግዛት በደረሱ ጊዜ፣ ኤጅዉድ አጠገብ ከመንገድ ዳር ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ገብተው ቡና ጠየቁ። የምግብ ቤቱ እመቤት ግን ጥቁር ሰው እንደማይስተናገድ ነግራ አሰናበተቻቸው። ነገሩ በአገሩ ሁሉ ከተሰማ በኋላ ጋዜጠኞች ሄደው ቢጠይቋት፣ ሰውየው እንደ ማንኛውም ተራ ጥቁር እንደ መሰሏትና አምባሳደር መሆናቸውን ልታውቅ እንዳልቻለች መለሰች።

ይህች ሴት የሰጠችው መልስ በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ነው። ሰውን ያህል ፍጡር ከውሃና ከቡና መከልከሏ አላሳፈራትም። ያሳሰባት የከለከለችውን ሰው ማዕርግ አለማወቋ ነው። ማዕርግ የሌለው ጥቁር ሰው ቢሆን ኖሮ የተበደለ ማንም የለም ማለቷ ነው። የቀለም ልዩነት ክፋቱ በአደባባይ በሚደረገው ትልቁ ግፍ ብቻ ሳይሆን፣ እንዲህ ባለው የዕለት ተዕለት ትንሽ ነገር ውስጥም ስለሚገለጥ፣ የዚያን መንገድ ታሪክ ለአንባቢ በአጭሩ ማቅረብ ይጠቅማል ብለን አስበናል። (በጽሑፉ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተለየ በስተቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አርባኛው መንገድ፣ ማለት በአሜሪካ የመንገድ ቍጥር 40 የሚባለው አውራ ጎዳና፣ በዚያን ጊዜ ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን ለሚጓዝ ሰው ዋነኛው መተላለፊያ ነበር። ከደላዌር ድልድይ ጀምሮ እስከ ባልቲሞር ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ምግብ ቤቶች፣ የነዳጅ ማደያዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ተደርድረው ነበር። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቤቶች የሚበዙት ጥቁር ሰው በገበታቸው እንዲቀመጥ አይፈቅዱም ነበር።

ይህም ልማድ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ነጭና ጥቁር በባቡር ለየብቻ ቢቀመጡም አገልግሎቱ እኩል እስከ ሆነ ድረስ ሕገ መንግሥቱ አይነካም ሲል ፈረደ። ከዚያ በኋላ መለያየቱ ከባቡር ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታልም ወደ መቃብር ቦታ ተዛመተ። እኩልነቱ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። በ1954 ይኸው ፍርድ ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለውን መለያየት ቢሽርም፣ ምግብ ቤትና ማረፊያ የግል ንብረት ስለ ሆነ ባለቤቱ የወደደውን ያስተናግዳል፣ ያልወደደውን ይመልሳል የሚለው ክርክር ገና አልተረታም ነበር። ስለዚህ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቤተ ሰቡን ይዞ መንገድ ሲወጣ ስንቁን በቤቱ አዘጋጅቶ፣ ሌሊት የት እንደሚያድር አስቀድሞ አጥንቶ ነው። ቪክቶር ግሪን የተባለ ጥቁር የፖስታ ሠራተኛ ከ1936 ጀምሮ ጥቁሮችን የሚያስተናግዱ ማረፊያዎችና ምግብ ቤቶች የሚዘረዘሩበት የመንገደኞች መምሪያ መጽሐፍ እያሳተመ ማውጣቱ፣ መጽሐፉም እርሱ ከሞተ በኋላ ጭምር እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገዢ ማግኘቱ፣ ችግሩ ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበር በቂ ምስክር ነው።

የውጭ አገር እንግዳም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ይህንን ኢትዮጵያውያን ከብዙዎች ቀድመው ቀምሰውታል። በ1911 ዓ.ም. እነ ደጃዝማች ናደው፣ እነ ከንቲባ ገብሩ፣ እነ ብላታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ሆነው ስለ ጦርነቱ ድል የደስታ መግለጫ ለማቅረብ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ዊልሰን በክብር ተቀበሏቸው። በኒውዮርክ ግን አንድ የታወቀ ክበብ በቀለማቸው ምክንያት ሳያስተናግዳቸው እንደ ቀረ የዘመኑ የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ጽፈዋል። የቤተ መንግሥቱ በር የተከፈተለት እንግዳ የምግብ ቤቱ በር ሲዘጋበት ነገሩ እንግዳ ይመስላል። ዳሩ ግን ያንን ልማድ ለሚያውቅ ጥቁር አሜሪካዊ የሚያስደንቅ አልነበረም።

ከዚያም ብዙ ዓመት አልፎ በ1957 ጋና ነጻ በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ የገንዘብ ሚኒስትሯ ኮምላ ግቤዴማ በደላዌር ግዛት፣ በዶቨር ከተማ አጠገብ፣ የብርቱካን ጭማቂ አዝዘው ከፈሉ። ተቀምጠው እንዳይጠጡ በተከለከሉ ጊዜም ጭማቂውንም የገንዘባቸውንም መልስ ትተው ወጡ። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዚያው ዓመት በጋና የግቤዴማ እንግዳ ሆነው ነበርና፣ ሚኒስትሩ በአገራቸው ማዕድ ያቀረቡለት ሰው አገር በመንገድ ዳር ቤት መናቃቸው ሊገባቸው እንዳልቻለ ተናገሩ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ወዲያው ወደ ዋይት ሃውስ ጠርተው ቁርስ አበሏቸው። በ1961 ሚያዝያ ደግሞ የሲየራ ሊዮን ጉዳይ ፈጻሚ ዊሊያም ፊትዝጆን ሄገርስታውን በተባለች የሜሪላንድ ከተማ እንዲሁ ተከለከሉ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም እንዲሁ ጠርተው አነጋገሯቸው።

እንዲህ ያለው የይቅርታ ግብዣ ለአንድ ሰው ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻነታቸውን አግኝተው ነበር። ሁሉም በዋሽንግተን ኤምባሲ፣ በኒውዮርክም በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ መልእክተኛ ስላቆሙ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው አፍሪካዊ ቍጥሩ ከቀን ወደ ቀን በዛ። በዋሽንግተን ራሷ ቤት መከራየትና ጠጕር መቈረጥ እንኳ የሚያስቸግር ሆነ። በዚያም ጊዜ አሜሪካ ከሶቭየት ኅብረት ጋር የአዲሶቹን ነጻ አገሮች ወዳጅነት ለማግኘት የምትወዳደርበት ወቅት ስለ ነበር፣ በመንገድ ዳር የተነፈገ አንድ ሲኒ ቡና በሞስኮ ሬዲዮ የሚነገር ወሬ ሆነ።

ስለዚህ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በፔድሮ ሳንዋን የሚመራ ልዩ የፕሮቶኮል ክፍል አቋቁሞ ባለ ምግብ ቤቶቹን እየዞረ መለመን፣ የሜሪላንድን ሕግ አውጪዎችም ማግባባት ጀመረ። ሆኖም በመጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት ሥሩን የሚነቅል አልነበረም። የፕሬዚዳንቱ አማካሪ የነበሩት ሃሪስ ዎፎርድ ኋላ እንደ ጻፉት፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አምባሳደሮቹ በዚያ መንገድ በመኪና መሄዳቸውን ትተው በአይሮፕላን ቢጓዙ አይሻልም ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። እሾኹን ከመንቀል ይልቅ መንገደኛው ዞሮ እንዲሄድ መምከር ማለት ነው። ባለ ምግብ ቤቶቹም በበኩላቸው፣ ዲፕሎማት የሆነውን ጥቁር ካልሆነው የምንለይበት ምልክት ይሰጠን የሚል ሐሳብ ነበራቸው።

የዚህን ሐሳብ ከንቱነት ከማንም ይልቅ ያጋለጡት ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጠኞች ናቸው። በ1961 ነሐሴ ወር በባልቲሞር የሚታተመው አፍሮ አሜሪካን የተባለው ጋዜጣ ባልደረቦች ረጅም መኪናና ያማረ ልብስ ተከራይተው፣ ጎባን ከሚባል በዓለም ካርታ ላይ ከሌለ አገር የመጡ ታላላቅ መኳንንት ነን ብለው በአርባኛው መንገድ ጉዞ ጀመሩ። በአንዳንዱ ቤት ቢመለሱም፣ ጥቁር አሜሪካዊ በማይገባበት በሌላው ቤት በክብር ተቀመጡ፣ ምግብም ቀረበላቸው። የጎባንን ስም ሰምቶ አገሩ ወዴት ነው ብሎ የተጠራጠረ አልተገኘም። ቆዳቸው ያው የዱሮው ቆዳ ነው፤ የተለወጠው ካባቸው ነው።

በአገራችን አፈ ታሪክ፣ ቡትቶ ለብሶ ወደ ግብር ቤት ሲሄድ ከደጅ ስለ ተመለሰው ሊቅ የሚነገረው ጨዋታ እዚህ ላይ ትዝ ይላል። ሊቁ ተመልሶ የክት ልብሱን ለብሶ ቢመጣ ከላይ አስቀመጡት። እርሱም የልብሱን እጅጌ ከወጡ ውስጥ እየነከረ፣ የተጠራኸው አንተ ነህና ብላ አለው ይባላል። ሦስቱ ጋዜጠኞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለጥቁር ሰው የተባለው ንቀት በቆዳው ውስጥ ካለ አንዳች ነገር የመጣ ቢሆን ኖሮ በኪራይ ካባ ባልተሸፈነ ነበር። ባለ ምግብ ቤቱ ያየው በፊቱ የቆመውን ሰው ሳይሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በአእምሮው የተቀረጸለትን ሥዕል ነው። ካባው ሲመጣ ሌላ ሥዕል ተተካ። በሁለቱም ጊዜ ሰውየው ራሱ አልታየም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከአምባሳደሮች ጉዳይ አልፎ የሁሉ ጉዳይ ሆነ። የዘር እኩልነት ጉባኤ የተባለው ማኅበር፣ ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት በር አንቀበልም ሲል በኅዳር ወር 1961 በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎችን በአርባኛው መንገድ አሰልፎ በየምግብ ቤቱ እንደሚያስቀምጥ አስታወቀ። ቀኑ ሳይደርስም ከ30 የሚበልጡ ባለ ምግብ ቤቶች ማንኛውንም ሰው ለማስተናገድ ተስማሙ። እምቢ ባሉት ላይ ግን ወጣቶች፣ ጥቁሮችም ነጮችም፣ በሰላም እየገቡ መቀመጣቸውን፣ ሲያዙም መታሰራቸውን ቀጠሉ። በ1963 የሜሪላንድ ግዛት በምግብ ቤትና በማረፊያ የቀለም ልዩነት እንዳይደረግ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሆኖም ሕጉ በመጀመሪያ የጸናው በከፊሉ የግዛቲቱ አውራጃዎች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዲን ረስክ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ይህ ልማድ የአገራቸውን ስም በዓለም ፊት እንዴት እንደሚያጐድፍ አስረዱ። በመጨረሻም ሐምሌ 2 ቀን 1964 ለመላው አገሪቱ የሚሆነው የሲቪል መብት ሕግ ተፈረመ።

የአፍሪካ መንግሥታት በዚህ ነገር ዝም አላሉም። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የነጻ አገሮች መሪዎች የአፍሪካን አንድነት ድርጅት ለመመሥረት በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ በበርሚንግሃም ከተማ በጥቁር ወጣቶችና ሕፃናት ላይ የፖሊስ ውሻና የእሳት ማጥፊያ ውሃ የተለቀቀበት ወሬ ትኩስ ነበር። የኡጋንዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚልተን ኦቦቴ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ጉባኤውም በአሜሪካ በጥቁሮች ላይ በሚደርሰው ልዩነት የተሰማውን ሥጋት በውሳኔው አሰፈረ፤ ልዩነቱን ለማስወገድ የማዕከላዊ መንግሥቱ ለሚያደርገው ጥረት ደግሞ ምስጋናውን ገለጠ። አምባሳደሮቹ በመንገድ ዳር የተከለከሉት ቡና በአህጉሩ ሸንጎ ላይ መልስ አገኘ ማለት ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዛሬ ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን የሚጓዘው ሰው በሌላ ሰፊ ጎዳና ያልፋል፤ የዚህም መንገድ አንዱ ክፍል በሜሪላንድ ውስጥ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም ይጠራል። በዚያች አገር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፣ በዋሽንግተን አካባቢም ራሳቸው የምግብ ቤት ባለቤቶች ሆነው ቡና አፍልተው ለሁሉ ያቀርባሉ። ይህ በር በራሱ የተከፈተ አይደለምና፣ ሌሎች በመቀመጥና በመታሰር እንደ ከፈቱላቸው ማወቅ ለእነርሱም ለልጆቻቸውም ይገባል። አንዳንዱ ስደተኛ፣ እኔ ከውጭ የመጣሁ ነኝና እንደነዚህ አይደለሁም በማለት ለራሱ የጎባንን ካባ ሊያጠልቅ ይፈልጋል። ካባው ግን የኪራይ ነው፤ ሌሊት መኪናውን ለሚያስቆመው ፖሊስ አይታይም።

እኛም በአገራችን ያለነው ይህን ታሪክ የሩቅ ሰው ኃጢአት አድርገን ብቻ ልናነበው አይገባንም። ባርነትን የሻረው ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአባቶቹ መልክና ትውልድ እየተነሣበት የሚሰደብ ሰው ግን ከዚያም በኋላ አልጠፋም። የምንበላበትን ሸክላ የሠራችውን ሴት፣ ማረሻችንን የቀጠቀጠውን ሰው ቡዳ ብለን ከማዕዳችን ስናርቅ፣ የኤጅዉዷ እመቤት ከሠራችው የተለየ ሥራ አልሠራንም። ሕግ በሩን ያስከፍታል፤ ሥዕሉን ከአእምሮ የሚፍቀው ግን በየቀኑ የሚደረግ ትንሽ ሥራ ነው። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ የትውልድ ስድብ ሲሰማ እንደ ቀልድ አያሳልፈው። ተማሪው ስድቡ ሲነገር አብሮ አይሣቅ። ባለ ሥልጣኑም ጉዳዩን ይዞ ከፊቱ የቆመውን ሰው ካባውንና አነጋገሩን ከመመዘኑ በፊት ወንበር ይስጠው። አምባሳደር ማሊክ ሶው የጠየቁት አንድ ሲኒ ቡና ብቻ ነበር፤ ቡናውም ሊሰጣቸው የተገባው አምባሳደር ስለ ነበሩ ሳይሆን የደከማቸው መንገደኛ ስለ ነበሩ ነው።